ባሕር አይደፋ ነገር

ሰው ሁሉ ያማርራል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ምስጋናዬ በካሪቢያን ደሴቶች፣ በሪዞርት በር ላይ ለሚቆመው ዘበኛ ይድረስልኝ።

ይህ ሰው የዋዛ ባለሙያ አይደለም። ማን እንግዳ፣ ማን ባለአገር እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። ፈረንጁ በቁምጣ፣ መታወቂያ ሳይዝ፣ የትናንቱ ሞቅታ ሳይለቀው እየተንገዳገደ ሲመጣ ዘበኛው ኮፍያውን ነካ አድርጎ ያሳልፈዋል። የአገሩ ልጅ ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ ልጆቹን አስከትሎ ሲመጣ ግን ጥያቄ አለ። «ለምን ጉዳይ ነው?» ለምን ጉዳይ! ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ኳስ የታቀፈች ልጅ በእጁ ይዞ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው ለምን ጉዳይ ይሆናል?

ዋናው ብልሃት ግን ሌላ ነው። ዘበኛው ራሱ ጥቁር ነው። አክስቱ እዚያው ሰፈር ናት። እሱን ማን ዘረኛ ይለዋል? ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ።

(ለአዲስ አበባ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። በትልልቅ ሆቴሎቻችን በር ማን በደንብ እንደሚፈተሽ፣ ማን በፈገግታ እንደሚታለፍ እናውቃለን። ግን የራሳችንን አላነሳም፤ ምስጋና ላይ ነኝ።)

ድሮ እንዲህ ያለ ጨዋነት አልነበረም። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ሚርትል ባንክ የሚባል ሆቴል ነበር። መዋኛ ገንዳው የነጮች ነው። በ1948 ኢቮን ብሌክ የተባለ ጥቁር ጋዜጠኛ ዘሎ ገባበት። (ዓመቱን በፈረንጅ የምቆጥረው ነገሩም የፈረንጅ ስለሆነ ነው።) ነጮቹ ተንጫጭተው ወጡ። ብሌክ ውኃው ውስጥ ሆኖ ፖሊስ ጥሩ፣ ጦር ሠራዊት ጥሩ፣ ሥራ አስኪያጁን ጥሩ አለ። እግዜርንም ጨመረበት። እሱ ከወጣ በኋላ የገንዳው ውኃ ተደፋ ይባላል።

እስቲ አስቡት፤ ይሄ ምን ዓይነት አሠራር ነው? አንድ ጥቁር በዋኘ ቁጥር አንድ ገንዳ ውኃ ሊደፋ ነው? ኪሳራ ነው። ደግሞስ ነገ ባሕር ውስጥ ቢገባ? ባሕር አይደፋ ነገር! ስለዚህ ውኃው በቦታው ይቆይና ሰዉ ይራቅ ተባለ።

ለዚህም ሕግ ነበር። ጃማይካ ከእንግሊዝ ነፃ ልትወጣ ስድስት ዓመት ሲቀራት፣ በ1956፣ የባሕር ዳርቻ መቆጣጠሪያ ሕግ ወጣ። ማዕበል ሲመጣ የሚሸፍነው፣ ሲመለስ የሚገልጠው አሸዋ የእንግሊዝ ዘውድ ነው አለ። የባሕሩ ወለልም የዘውዱ ነው። በተግባር የመንግሥት ማለት ነው፤ መንግሥትም ለፈለገው ፈቃድ ይሰጥበታል። ሕጉ ግን ጨካኝ አይደለም። ለዓሣ አጥማጆች የነበራቸውን መብት አልነካባቸውም። ለመዋኘት፣ ለመንቦራጨቅ፣ ልጅን ዋና ለማስተማር ነው እንጂ ለሕዝብ የሰጠው አጠቃላይ መብት የሌለው። ስለዚህ ጃማይካዊ ወዳጄ፣ ዋና ካማረህ መረብ ይዘህ ውረድ። ከዚያ እንደ አጋጣሚ ትረጥባለህ።

በ1962 ነፃነት መጣ። ባንዲራ ተቀየረ። «ከብዙዎች፣ አንድ ሕዝብ» የሚል መፈክር ወጣ። ሕጉም ሻንጣውን ይዞ አብሮ ተሻገረ። ከዚያ ሆቴሉ በዛ፣ አጥሩ ረዘመ። እንግዳው ክንዱ ላይ የሪዞርት አምባር ያስራል፤ ምግቡም መጠጡም አሸዋውም በአንድ ሒሳብ ተከፍሏል። እኛ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ስንል ለተረት ነው። እነሱ ዘንድ አልጋው አለ፤ ፎጣ ተነጥፎበት፣ ጃንጥላ ተተክሎለት፣ ፊቱን ወደ ባሕር አዙሮ ተዘርግቷል። ቀጋው በአጥሩ በኩል ነው።

አንዳንድ ምስጋና ቢሶች ግን ፍርድ ቤት ሄደዋል። ስለ ማሚ ቤይ፣ ስለ ብሉ ላጎን፣ ስለ ቦብ ማርሊ ባሕር ዳርቻ ይከራከራሉ። ንቅናቄያቸውን ሲሰይሙ ባሕሩ ብኩርናችን ነው አሉ። ከ1882 ጀምሮ ያለ ሕግም ቆፍረው አውጥተዋል፦ ሕዝብ ሃያ ዓመት ሳያቋርጥ የዋኘበት ዳርቻ መብቱ ይሆናል የሚል። እንግዲህ አያትህ እዚያ ሲዋኙ ያየ ምስክር ጥራ። ብኩርና ካሉ አይቀር ኤሳው እንኳ ብኩርናውን ሲሰጥ ምስር ወጥ በልቷል። እነዚህ ወጡን የሠሩት እነሱ፣ ያቀረቡት እነሱ፣ ሳህኑን ያጠቡት እነሱ።

ጃማይካን ብቻ አመስግኜ ሌላውን ብተው ቅር ይለኛል። በባርባዶስም በአንቲጓም ባሕር ዳርቻ ሁሉ የሕዝብ ነው። ግሩም ሕግ ነው። አሸዋው የሁሉ ሆኖ ወደ አሸዋው የሚያደርሰው መሬት የባለሆቴሉ ሲሆን ከሰማይ መውረድ ወይም ከባሕር መውጣት ብቻ ነው የሚቀረው። ኩባ ሶሻሊስት ሆና እንኳ ይህ ክብር አላመለጣትም፤ እስከ 2008 ድረስ ኩባዊ በገዛ አገሩ የቱሪስት ሆቴል አልጋ መያዝ አይችልም ነበር። በሄይቲ ደግሞ ላባዲ የሚባለውን ዳርቻ አንድ የመርከብ ኩባንያ ከ1986 ጀምሮ ተከራይቶ አጥሮታል። በጥር 2010 ርዕደ መሬት ዋና ከተማዋን ፖርቶፕሬንስን አፍርሶ ሳምንት ሳይሞላ መርከብ መጣች፣ እንግዶቹም ዋኙ። እርዳታም ጭና ነበር፤ ውሸት አልናገርም።

አንድ ነገር ግን እኛንም ይነካል። በሪዞርቱ ሱቅ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ኮፍያ ይሸጣል። ከሥሩ የተገመደ ሰው ሠራሽ ጸጉር ተንጠልጥሏል። እንግዳው ገዝቶ ያጠልቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይስቃል። ጸጉሩ የገዛ ራሱ የሆነው ራስታ ግን ከአጥሩ ውጭ ነው። ይህም አዲስ አይደለም። ጃማይካ ውስጥ፣ ሞንቴጎ ቤይ ከተማ አጠገብ፣ ራስታዎች በሮዝ ሆል ርስት አቋርጠው ወደ እርሻቸው እንዳያልፉ ተከልክለው ነበር፤ ቦታው ለቱሪስት ታስቧል። ያ ጭቅጭቅ ከሌላው ቂም ጋር ተደምሮ በ1963 በስቅለት ሰሞን ደም አፈሰሰ። ፖሊስም ራስታ የተባለውን ሁሉ እየለቀመ አሰረ፣ ጸጉሩን ላጨ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው። መቼም አይቸኩልም።

ከዚያ ደም በሦስተኛው ዓመት ጃንሆይ ኪንግስተን ሲያርፉ ራስታዎች ጥበቃውን ጥሰው አውሮፕላኑ ሥር ድረስ ገቡ። የዚያን ቀን «ለምን ጉዳይ ነው?» የሚላቸው ጠፋ።

ወደ ዘበኛዬ ልመለስ። እሱም የዕረፍት ቀን አለው፣ እሱም ልጆች አሉት። ልጆቹም እንደማንኛውም ልጅ ባሕር ይላሉ። ከአጥሩ የቱ ጋ ሽቦው እንደላላ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እሁድ ሲመሽ፣ እንግዶቹ እራት ላይ ሲሆኑ፣ አንድ በአንድ ያሾልካቸዋል። «ድምፅ እንዳታሰሙ» ይላቸዋል። ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ ይመጣና ሽቦውን ጠበቅ ያደርገዋል። በጣም አያጠብቀውም።