ጨለማ ለሚያዳምጡልን

ዜማ ያለው ሙዚቃ ማንም ያዳምጣል። ገና መቆም ያልቻለ ሕፃን እንኳን ምት ሲሰማ ትከሻውን ይሰብቃል። ይህ ምን ያስመሰግናል? ምስጋና የሚገባው ሌላ ሰው ነው። ዜማ የለም፤ ምት የለም፤ ግጥም የለም፤ መጀመሩንም ማለቁንም የሚያውቅ የለም። እሱ ግን ሰባ ደቂቃ ሙሉ ዐይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ሲጨርስም "ከባድ ነው" ይላል። እኛም ፋራ ላለመባል "በጣም!" እንላለን።

የዳርክ አምቢየንት (የጨለማ ድባብ የሚፈጥር ሙዚቃ) አድማጮቻችንን ማለቴ ነው። የሙከራ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ወዳጆችም ከእነሱ ብዙ አይለዩም፤ እንዲያውም ጩኸትና ፉጨት ጨምረውበታል። ማንም ዞር ብሎ ሳያመሰግናቸው የሁላችንንም ድርሻ ጨለማ ብቻቸውን እያዳመጡልን ነው።

እስቲ አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። መጀመሪያ መብራት ያጠፋል። ከዚያ ስልኩን ያጠፋል፤ ከማጥፋቱ በፊት ግን የአልበሙን ሽፋን "ዛሬ ማታ ብቻዬን" ብሎ ይለጥፋል። ብቻውን መሆኑን ብዙ ሰው ማወቅ አለበት። ሽፋኑ ጥቁር ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግራጫ በር ወይም የደረቀ ዛፍ አለበት። ሄድፎኑን ያጠልቃል። አጠገቡ ሰው ቢያስነጥስ ቀኝ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል፤ ቃል አይወጣውም። ሠላሳኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ከሩቅ፣ ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት የመሰለ ድምፅ ይመጣል። ቅንድቡ ይነሳል። "አገኛት!" ይላል በሹክሹክታ። ማን ማንን እንዳገኘ አይጠየቅም። አንድ የዋህ ዘመድ "ጀመረ እንዴ?" ቢለው መልሱ የተዘጋጀ ነው፦ "አንተ ገና አልጀመርክም።"

ይህ ሙዚቃ በባለቤቶቹ እጅ ብቻ ቢቀር ኖሮ ምን ይውጠው ነበር? ሠሪዎቹ እኮ ቁምነገሩ አልገባቸውም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳዊው አቀናባሪ ኤሪክ ሳቲ "የቤት ዕቃ ሙዚቃ" የሚለው ነገር ነበረው። ማንም ልብ ሳይለው ክፍል ውስጥ እንዲኖር ብቻ የተጻፈ ሙዚቃ ነው። በ1920 ፓሪስ ውስጥ በአንድ ዝግጅት የዕረፍት ሰዓት ላይ ሲያስጫውተው ግን ታዳሚው ወደየወንበሩ ተመልሶ ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ጀመር። አብሮት የሠራው አቀናባሪ ዳሪየስ ሚዮ እንዳስታወሰው፣ ሳቲ "አውሩ! ተንቀሳቀሱ! አታዳምጡ!" እያለ ይጮህ ነበር። ማን ሰምቶት!

እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖም በ1978 ለአውሮፕላን ማረፊያ ብሎ ያሰበውን አልበም ሲያወጣ ማስታወሻ ጽፎበታል። አምቢየንት (የድባብ) ሙዚቃ ሰውን መሳብ የሚችለውን ያህል ችላ ቢሉትም የማይከፋው መሆን አለበት የሚል ነው። ሰውዬው በግልጽ ችላ በሉኝ አለ። የኛዎቹ ግን ችላ የሚሉበት አንጀት የላቸውም። ሻንጣውን ለሚጠብቅ መንገደኛ የተሠራውን ሙዚቃ በር ዘግተው፣ መጋረጃ ጋርደው፣ ቤተሰብ አስወጥተው ያዳምጡታል። ሥራውን ከሠሪው አስጥለው ለቁምነገር አበቁት ማለት ይህ ነው።

የጥራት ነገርማ አይነሳ። አሜሪካዊው አቀናባሪ ዊልያም ባሲንስኪ በ2001 የቆዩ ቴፖቹን ወደ ዲጂታል ሊገለብጥ ሲያጫውታቸው፣ ድምፁን የያዘው የቴፑ ልባስ እየተላጠ ይረግፍ ጀመር። ማሽኑን አላቆመም። ያው አጭር ዜማ በዞረ ቁጥር እየሳሳ፣ እየተበጣጠሰ፣ ቀዳዳው እየሰፋ ሲሄድ ዝም ብሎ ቀረጸው። ከ2002 ጀምሮም በአራት አልበም አወጣው። እውነቱን ለመናገር ሥራው ያምራል፤ ይህችን ስል ሽሙጥ የለባትም። የሚደንቀኝ አድማጩ ነው። ይህንኑ የረገፈ ቴፕ በተጨመቀ ፋይል አይሰማም፤ "ዝርዝሩ ይጠፋል" ይላል። ሸክላው ላይ ሲያጫውተው አንዲት አቧራ ቅጭ ካለች መርፌውን አንስቶ ለዚሁ ብሎ በገዛው ጨርቅ ይጠርጋል። የባሲንስኪ ቅጭታ ጥበብ ነው፤ የአቧራዋ ቅጭታ ስድብ ነው። መበስበሱን ያለ አንዳች እንከን ነው የሚፈልገው።

አሜሪካዊው የሮክ ሙዚቀኛ ሉ ሪድ በ1975 ሁለት ሸክላ ሙሉ የጊታር ጩኸት ያወጣ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ሰው አላገኘም። ብዙ ገዢዎች አልበሙን ወደ ሱቁ መለሱት። የመጨረሻው ገጽ ጫፉ ላይ በአንድ ቦታ እንዲዞር ተደርጎ ስለተቆረጠ መርፌውን በእጃችሁ ካላነሳችሁት አያልቅም። ምስኪኖቹ ገዢዎች ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረውት ይሆናል። ጊዜው አለፈና በ2002 በርሊን ላይ ሳይትክራትዘር የተባለ ቡድን ያንን ጩኸት በኖታ አስጽፎ በገመድና በትንፋሽ መሣሪያ ተጫወተው። አሁን ያቺን የማታልቅ ዙር "እዚህ ጋ ነው ሰላም የሚሰማህ" የሚሏችሁ ሰዎች አሉ።

ቋንቋቸውንም አለማድነቅ አይቻልም። "አልበሙ ጥሩ ነው" አይሉም። "ቴክስቸሩ..." ይሉና ዝም ይላሉ። ዝምታው የግምገማው ዋና ክፍል ነው። የዳርክ አምቢየንቱን ሙዚቀኛ ለስትሞርድን ያነሳችሁበት ቀንማ አለቀላችሁ። እሱ በዋሻና በመቃብር ምድር ቤት ውስጥ ጭምር ድምፅ የቀረጸ ሰው ነው፤ አድማጩም በሄድፎን ሰምቶ የዋሻውን ጣሪያ ከፍታ ይነግራችኋል። "እንዴት አወቅህ?" ማለት ነውር ነው።

የዚህ ሙያ ቁንጮ ግን ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በ1969 የቢትልሱ ጆን ሌነንና ባለቤቱ ዮኮ ኦኖ አንድ አልበም አወጡ። ሜሎዲ ሜከር ለሚባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጣ የተላከው የሙከራ ቅጂ በሁለት ሸክላ ነበር። የሁለቱም ጀርባ ላይ ሙዚቃ አልነበረም። የነበረው የፋብሪካ መፈተሻ ድምፅ ነው፤ አንድ ወጥ "እምምም" ብቻ። ገምጋሚው ግን ባዶ ነው ብሎ አላለፈውም። አራቱንም ገጽ አዳመጠ። ያ "እምምም" አንድ ወጥ ቢመስልም ልብ ብሎ ላዳመጠው ለጥቂት ከፍና ዝቅ እንደሚልና በዚያም የራሱ ምት እንደሚፈጠር ጽፎ አስነበበ። ሌነንና ኦኖ የምስጋና ቴሌግራም ላኩለት። ሐያሲ ከከያኒው በልጦ ሲገኝ በታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነው የሚል ነበር መልእክቱ።

አንዳንድ ክፉ ሰዎች ይህን ታሪክ ለመሳቂያ ያወሩታል። እኔ ግን ቆሜ አጨበጭባለሁ። ሠሪ በሌለበት፣ ሥራ በሌለበት፣ አድማጭ ብቻውን አልበም ሠርቶ ወጣ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

ትዕግሥት ያነሰው ጀማሪ ካለ ወደ ጀርመን፣ ወደ ሃልበርሽታት ይሂድ። እዚያ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የአሜሪካዊው አቀናባሪ የጆን ኬጅ የኦርጋን ሥራ እየተጫወተ ነው። ርዝመቱ 639 ዓመት ነው፤ በ2640 ያበቃል። ድምፁ የሚለወጠው አንዳንዴ በዓመታት አንድ ጊዜ ነው። የዛን ዕለት ሰው ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ አንዷ ድምፅ ስትቀየር ያዳምጣል፤ ከዚያ ወደየቤቱ ይሄዳል። መስከረም 2001 ሲጀመር ሙዚቃው የተከፈተው በኖታው ላይ በተጻፈ ዝምታ ስለነበር እስከ የካቲት 2003 ድረስ ከኦርጋኑ ወናፍ ነፋስ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ጀማሪው ይህን ሲሰማ ይስቃል። የሠለጠነው አድማጭ ግን ፊቱን ቅጭም አድርጎ ይነግረዋል፦ "የመጀመሪያው ዓመት ተኩል ነበር የሚሻለው። ድምፅ ከገባበት በኋላ ለገበያ ሆነ።"