ተረኛው ጀግና ሐረጎን ሲወርድ

ካፒቴን ዩኒቨርስን ወደ አማርኛ ላምጣ የሚል ሰው ገና መፈክሩ ላይ ይሰናከላል። ማርቭል ኮሚክስ ይህን ጀግና ያስተዋወቀው «አንተ ልትሆነው የምትችለው ጀግና» በሚል ሐሳብ ነው። በእንግሊዝኛ «አንተ»ም «አንቺ»ም «እርስዎ»ም አንድ ቃል ስለሆኑ መፈክሩ ለሁሉም ይደርሳል። አማርኛ ግን አፍ ሲከፈት አድማጩን ይመርጣል። «አንተ» ካልን ግማሹ አንባቢ ወጣ፤ «እርስዎ» ካልን ጎረምሳው ለአባቱ የተነገረ ይመስለዋል፤ «እናንተ» ካልን ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ሆነ። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ካፒቴን ዩኒቨርስ የአንድ ሰው መጠሪያ ሳይሆን ተራ የደረሰው ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው። በቢል ማንትሎ ጽሑፍና በማይክል ጎልደን ሥዕል፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የ«ማይክሮኖትስ» 8ኛ ቁጥር ላይ ታየ። ኃይሉ ባለቤት የለውም። አደጋ ሲመጣ አጠገብ ያለ ሰው ላይ ያርፋል፣ ልብሱን ያለብሰዋል፣ እንዲበር ያደርገዋል፣ የተደበቀውን ያሳየዋል፣ ቁስን ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲለውጥ ያስችለዋል። አደጋው ሲያልፍ ጥሎት ይሄዳል። የመጀመሪያው ተረኛ ሬይ ኮፊን የተባለ የቀድሞ ጠፈርተኛ ነበር። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ሸረሪት ሰው ራሱ ተራው ደርሶት ለጥቂት ጊዜ ተሸክሞት መልሷል።

ልዕለ ጀግና በአማርኛ ብርቅ አይደለም፤ ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥቷል። እኔ የምለው፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ቁጭ ብሎ ኮሚክ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው፣ አንድ ሰው ለዘላለም ከሚይዘው ኃይል ይልቅ ይህ ተዘዋዋሪው ዓይነት ይስማማዋል። ግን ታሪኩ ኃይል ስለማግኘት ከተጻፈ ይበላሻል። ኃይል ስለመመለስ መጻፍ አለበት።

ለምን ይስማማል ቢባል፣ ተራ የሚባለውን ነገር ማንም አያስተምረንም። እቁብ የጣለ ሰው ዕጣው እስኪወጣለት ይጠብቃል፤ ሲወጣለት ዋስ ይጠራል፤ ከበላም በኋላ መጣሉን አያቆምም። በወሎ ቅሬ፣ ማለትም ዕድር፣ ሲጠራ ድንኳኑን የሚሸከመው ተረኛው ነው፤ ሀብታም ይሁን ድሃ ማንም አይጠይቅም። ሌላ አገር ላይ ሁለት ገጽ ማብራሪያ የሚፈልገው ሐሳብ እኛ ዘንድ «ተረኛ» በሚል አንድ ቃል ያልቃል።

የሚያበላሸው ደግሞ ተረቱ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ያደገ አንባቢ፣ ጊዜያዊ ኃይል የያዘ ሰው ሲያይ ቶሎ የሚጠብቀው ነገር አለ፦ መቼ ነው የሚበላው? ይህን ጥያቄ የሚሸሽ ደራሲ ጀግናውን መልአክ ያደርገውና ታሪኩ ይሞትበታል። በግልጽ ቢያነሣው ግን ጠላት ፍለጋ ሌላ ፕላኔት መሄድ አያስፈልገውም። አርባ ደቂቃ የቀረው፣ ቁስን መለወጥ የሚችል፣ ሦስት ወር የቤት ኪራይ ያለበት ሰው በቂ ጠላት ከራሱ ጋር ይዞ ይዞራል። ሌላው የማይቀር ጥያቄ «ለምን ለእሱ?» የሚለው ነው። ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ድጋፍ ደብዳቤ፣ ያለ ዘመድ የመጣ ኃይል እዚህ አገር ከመብረር በላይ ያስደንቃል፤ ይህን ቢያንስ አንድ ገጸ ባሕርይ ጮክ ብሎ ሊናገረው ይገባል።

ኃይሉን ዕቃ ውስጥ አታስገቡት። ቀለበት፣ ክታብ፣ ጋቢ፣ ምንም ይሁን፣ ዕቃ ከሆነ ይሰረቃል፣ ይወረሳል፣ ይሸጣል። ያን ጊዜ ታሪኩ የሌባና የፖሊስ ይሆናል። ካፒቴን ዩኒቨርስን ከቀለበት ለባሾቹ ጀግኖች የለየው ማንም ሊይዘውና ሊደብቀው የሚችል ነገር አለመኖሩ ነው።

አሁን አንድ ትዕይንት ጠጋ ብለን እንየው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድና ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት አለ። 120 ኩንታል እህል የጫነ፣ ከነጭነቱ 20 ቶን የሚመዝን መኪና ቁልቁል ሲወርድ፣ ያ 650 ሜትር የሚሰጠው ጉልበት ወደ 400 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ብዙውን ይውጥለታል። ማርሹን አቅልሎ ፍሬን ላይ ብቻ ከተኛ ግን ሙቀቱ ሁሉ የፍሬኑ ሸራና ታምቡር ላይ ያርፋል፤ ሸራው ይሸታል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ ፔዳሉ ቢረገጥም መያዝ ያቆማል። በዚህ ጊዜ ኃይሉ ጋቢና ውስጥ ካሉት በአንዱ ላይ ይረፍ። በማን ላይ?

ጀማሪ ደራሲ ሾፌሩን ይመርጣል። ስህተት ነው፤ ሾፌሩ መሪውን ከለቀቀ ገደል ነው። ረዳቱ ይሻላል። ረዳት ታኮ ይዞ ከሚሄድ መኪና መውረድን ያውቃል፣ የትኛው ጎማ ሥር እንደሚጣልም ያውቃል። ልብሱ ሰውነቱ ላይ ወጣ፣ በረረ፣ ከፊት ቆመ። ቀጥሎ የሚመጣው ሥዕል ነው ዘጠኙን ከአሥር የሚያበላሸው፦ ጀግናው አንድ እጁን ዘርግቶ መኪናውን ቀጥ ያደርገዋል።

ሒሳቡን እንሥራው። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 16.7 ሜትር ቢሄድና በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ፍጥነቱ የሚቀንሰው ከመሬት ስበት 28 እጥፍ በሆነ መጠን ነው። ከኋላ ያለው 12 ቶን እህል ከ330 ቶን በላይ እንደሚመዝን ሆኖ ጋቢናውን ይጫነዋል። ጀግናው ምንም አልሆነም፤ ሾፌሩ ግን ሞቷል። በዚያ ላይ እጁ ያረፈው ፓራውልቱ ላይ ከሆነ ፓራውልቱ ተገንጥሎ ይቀራል እንጂ መኪናው አይቆምም። ያው ኃይል 100 ሜትር ላይ ቢከፋፈል 12 ሰከንድ ይፈጃል፣ ውሃ የያዘ ብርጭቆም አይደፋም። ስለዚህ ረዳቱ ወደ ኋላ እየበረረ፣ ሁለቱን የሻንሲ ብረቶች ይዞ፣ ኩርባውን ሾፌሩ እንዲያዞር እየጮኸ መሸኘት አለበት። እነዚህን 12 ሰከንዶች በሁለት ገጽ፣ በአሥር የሥዕል ሣጥን ብትስሏቸው አንባቢው ትንፋሹን ይይዛል። የዚህ ዓይነት ጀግና ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው፤ ጉልበቱ ከሰማይ መጣ፣ የት እንደሚያዝ ግን ያወቀው ረዳቱ ነው። ሱሪ ሰፊ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ፣ የቧንቧ ጥገና ባለሙያ፣ እያንዳንዱ ተረኛ ኃይሉን በገዛ ሙያው ካልተጠቀመበት ተራ መዞሩ ትርጉም የለውም፤ አንድ ሰው ጭንብል እየቀየረ እንደመጣ ይቆጠራል።

«ታዲያ መኪናውን ወደ ጥጥ አይለውጠውም ወይ?» የሚል አንባቢ ይመጣል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። የአሜሪካኑ ጀግና ችሎታው ብዙ ነው። እዚህ ከሁለት በላይ አትስጡት። ጉልበትና በረራ ከሰጣችሁ ቁስ መለወጡን ተዉት፤ ቁስ መለወጥ ከሰጣችሁ እግረኛ ይሁን።

ወደ ቋንቋው እንመለስ። ኃይሉ ከረዳቱ ለቆ ሐረጎ ዳር ቡና በምትሸጥ፣ እትዬ ዘሀራ በምንላት የ60 ዓመት ሴት ላይ አረፈ እንበል። ልብሱ ፊቷን ሸፍኗል። ትራፊክ ፖሊሱ ደርሶ «አንተ፣ ከመንገዱ ውጣ!» ይላታል። እሷም «አብሽር የኔ ልጅ፣ ሰው አልሞተም» ብላ ትመልሳለች። ፖሊሱ በሚቀጥለው ሣጥን «እማማ… ይቅርታ፣ እርስዎ ነዎት?» ቢል፣ ጭንብሉን ማንም ሳያወልቀው ሴት መሆኗም፣ ዕድሜዋም፣ የወሎ ሰው መሆኗም በአንድ ምላሽ ታወቀ። እንግሊዝኛው ይህን ለማድረግ ፊቷን መግለጥ ይኖርበታል። መፈክሩ ላይ ያሰናከለን ግስ እዚህ ይክሰናል። በተገላቢጦሹ ሣጥኑ ላይ ያለው የተራኪ ጽሑፍ ሁሌ «እሱ» እያለ ከቀጠለ ተንኮሉ ሁሉ ይከሽፋል፤ ተራኪው ኃይሉ በዞረ ቁጥር እሱ፣ እሷ፣ እሳቸው እያለ መከተል አለበት። የጀግናውን ስም ስትመርጡም ጾታ የማይናገር ይሁን፤ «ተረኛ» ለሁሉም ይሆናል።

ስለ ጊዜው። ኃይሉ መቼ እንደሚሄድ አንባቢው ቀድሞ ካላወቀ ደራሲው ባሻው ሰዓት የሚያጠፋው መብራት ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የለመድነው ስለሆነ ማንም አይደነግጥም። የሚቆጠር መለኪያ ይኑረው። ደቂቃ ከመቁጠር ቡና መቁጠር ያምራል፦ በአቦል ኃይሉ ሙሉ ነው፣ በቶና ይቀጥናል፣ በረካ ላይ ለአንዲት ነገር ብቻ ይበቃል። ጥግ ላይ አንዲት ጀበና መሳል ብቻ ሰዓት ከመጻፍ ያድናል።

ወሰንም ያስፈልገዋል፤ ይህን የምለው ለውበት አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን መጽሐፍ የሚገዛ ሰው «በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ይሄ ጀግና የት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ከተማ ማዳን የሚችል ኃይል ከፈጠራችሁ መልስ የላችሁም፤ ዝም ብትሉም ሰውየው መጽሐፉን ይዘጋዋል። አንድ መኪና፣ አንድ ጎርፍ የቦርከና ዳር ላይ፣ አንድ የሚናድ ቤት የሚያህል ኃይል ግን ለዚህ ጥያቄ ራሱ መልስ ነው፦ ከዚህ በላይ አይችልም፣ ከዚህ በላይ የቻለም አልነበረም።

የሕትመቱ ነገር አጭር ነው። ኤ4 ወረቀት መሃሉ ላይ ሲታጠፍ አራት የኤ5 ገጽ ይሰጣል፤ ስለዚህ የገጹ ብዛት ሁልጊዜ ለ4 መካፈል አለበት። ስድስት ወረቀት 24 ገጽ ነው፤ አራቱ ለሽፋን ሲሄዱ 20 ለታሪኩ ይቀራሉ። በ20 ገጽ ከሦስት ተረኛ በላይ አይገባም፤ ሰባት፣ ስድስትና አራት ገጽ ይድረሳቸው፣ ለሁለቱ ቅብብሎሽ አንድ አንድ ገጽ ስጡ፣ የመጨረሻዋ ለማግስቱ ትቅር። ቅብብሎሹን በአንድ ሣጥን ለመገላገል የሞከረ ሰው አንባቢው «አሁን ማን ነው?» እያለ ወደ ኋላ ሲገልጥ ያየዋል። በኤ4 ላይ ተስሎ ወደ ኤ5 ሲቀነስ ፊደሉም ወደ 71 በመቶ ይወርዳል፤ በ12 የተጻፈው 8.5 ይሆናል። ከዚያ ካነሰ ፎቶ ኮፒው የ«ቤ»ን ቀለበት ይደፍነውና «ቤት» ምን እንደሆነ አይታወቅም። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነም አንድ የንግግር ፊኛ ከ15 ቃል አይለፍ።

ሕጉንም ላንሣ፣ ምክንያቱም «ሐሳቡ የማርቭል ነው፣ እንከሰሳለን» የሚል ፍርሃት አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳብ የተገለጠበትን ሥራ ነው፤ ባዶ ሐሳብን አይደለም። ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ኃይል የማንም አይደለም። ካፒቴን ዩኒቨርስ የሚለው ስም፣ ልብሱና ሥዕሉ ግን የሰው ንብረት ስለሆኑ አትንኳቸው። የጀግናው የራሱ ታሪክም እዚህ ላይ ያስተምራል። «ማይክሮኖትስ» ሜጎ የተባለ ኩባንያ አሻንጉሊቶች ነበሩ፤ ማርቭል የሠራው ስማቸውን በፈቃድ ተከራይቶ ነው። ፈቃዱ ሲያበቃ አሻንጉሊቶቹን መጠቀም ቀረ፤ ካፒቴን ዩኒቨርስ ግን ደራሲዎቹ ከራሳቸው የጨመሩት ስለነበር ማርቭል ዘንድ ቀረ። ለአንድ ድርጅት ማስታወቂያ ኮሚክ የምትሠሩ ካላችሁ፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ የድርጅቱ፣ የትኛው የእናንተ እንደሆነ ውሉ ላይ በስም ይጻፍ።

የመጨረሻዋ ገጽ የማግስቱ ናት አልኩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሰልፍ፣ ጭብጨባ፣ የምስክር ወረቀት ይስላል። ረዳቱን ደሴ መናኸሪያ ብትስሉት ይበቃል፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጉም፣ ጥርሱ ውስጥ መፋቂያ። አጎንብሶ ታኮውን ከጎማው ሥር ሊስብ ሲል፣ ትናንት 20 ቶን የያዘ እጁ አልታዘዘው ይላል፤ ታኮው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። ሾፌሩ ከላይ ሆኖ «ቶሎ በል እንጂ!» ይለዋል። በመዶሻ ሁለት ጊዜ ይመታዋል፣ ይወጣል፣ ዘሎ ይሳፈራል።