ቅቤ የጠጣ ፀጉር በኮንዲሽነር ብቻ አይጠራም

እህቴ፣ «ሻምፑ የተፈጥሮ ፀጉር ይጨርሳል፣ በኮንዲሽነር ብቻ ታጠቡ» ያልሽው ግማሹ ነው ልክ። ኃይለኛ ሰልፌት (አረፋ የሚያበዛ ማጽጃ) ያለው ሻምፑ ፀጉር ያደርቃል፤ እውነት ነው። ግን እኛ ደሴ ላይ ቅቤ ተቀብተን፣ ሹሩባ ተሠርተን የምንሰነብት ሰዎች ነን። ኮንዲሽነር ውስጥ ያለው ማጽጃ ደካማ ነው። ዋናው ሥራው ፀጉሩን ሸፍኖ ማለስለስ ነው። ላብና አቧራ ያስለቅቅ ይሆናል፤ የቅቤውን ቅባት ግን በደንብ አያነሳም። ሹሩባው ሲፈታ ሥሩን በጣትሽ ዳበስ አድርጊው፤ የሚያጣብቅ፣ ነጣ ያለ ነገር ይይዝሻል። ፎረፎር የሚያባብሰው ፈንገስ ደግሞ የሚመገበው ቅባት ነው። ስለዚህ ለስለስ ያለ፣ ሰልፌት የሌለው ሻምፑ ለራስ ቆዳሽ፣ ኮንዲሽነሩ ከዚያ በኋላ ለጫፉ። ቅቤ ባልተቀባሽበት ሳምንት በኮንዲሽነር ብቻ ብትታጠቢ ግን ምንም አይልሽም።