ዕጣን የሚያጨሰው ባቡር

ለኛ ለኮምቦልቻ ልጆች ባቡር ማለት ወፍጮ ነበር። "ባቡር ቤት ሂድ" ከተባልክ እህል ተሸክመህ ትሄዳለህ፣ ዱቄት መስለህ ትመለሳለህ። ቃሉ ራሱ ከባሕር ማዶ ከ"ቫፖር" የመጣ ነው፤ እንፋሎት ማለት። የኛ ወፍጮ በናፍጣ ነው የሚሄደው፤ ግን ማን ይጠይቃል?

አንድ የእንቁጣጣሽ ሰሞን ሜዳው ላይ የምትጋለብ ባቡር መጣች። ከበርሜል የተቆረጡ ሦስት ፉርጎዎች፣ ክብ ሐዲድ፣ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ። ሆዷ ውስጥ ያለው የሞተር ሳይክል ሞተር ነው።

እንግሊዞች ሮምኒ በምትባል ከተማ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ስፋቱ 381 ሚሊ ሜትር በሆነ ሐዲድ ላይ በትንሽዬ ባቡር ሰው ያሳፍራሉ። ውሃ አፍልተው፣ በእንፋሎቱ ፒስተን አስገፍተው። የኛዋ ባቡር ባለቤት ይህን ሁሉ ዘለለና በቀጥታ ወደ ጭሱ ገባ። ጭስ ማውጫው ሥር ፍም የሞላ ማጨሻ አስቀምጦ ዕጣን ጣል ያደርግበታል።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ዕጣን ሸትቶት ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። እናቶች ተሰበሰቡ። አያቴ ባቡሯ ባለፈች ቁጥር ነጠላዋን ዘርግታ ትታጠናለች።

"አንተ ልጅ፣ ቡናው የታለ?"

"አብሽሩ እናቴ፣ በሚቀጥለው ዙር ይደርሳል።"

"ይሄ አቦል መሆኑ ነው? በል በረካ ሳይደርስ እንዳትቆም!"

በረካው ላይ፣ ማለቴ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ የኋላው ፉርጎ ሐዲዱን ለቆ በቆሎ ጠባሿ ሴትዮ ጋ ደረሰ። እኔ ውስጡ ነበርኩ። ጉልበቴ ተላጠ፤ ማባበያ አንድ እሸት ተሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ትራንስፖርት እንዲህ አስተናግዶኝ አያውቅም።

ኋላ ትልቁ መጣ ተባለ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ያውም በኤሌክትሪክ። ግንባታው በ2007 ተጀመረ። ተራራው ተበሳ፣ ሐዲዱ ተነጠፈ፣ ጣቢያው ቆመ። መብራት ሲጠበቅ ቆየ፤ በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ደረሰ። ሐዲድ አለን፣ ጣቢያ አለን፤ የቀረው ባቡሩ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አያቴን ወስጄ አሳየኋት። ጸጥ ያለውን ሐዲድ ወዲያና ወዲህ አየችው። አፍንጫዋንም ቀሰር አድርጋ አሸተተች።

"ምነው፣" አለች፣ "የሚያጨስለት ሰው አጥቶ ነው?"