«ፎርስ ስቶፕ» መልእክት አያፈጥንም
«ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ መልእክት ሲያዘገይባችሁ ፎርስ ስቶፕ በሉት፣ ይታደሳል፣ ባትሪም ይቆጥባል» የሚለው ምክር እየተደጋገመ ነው። ፎርስ ስቶፕ በሴቲንግ ውስጥ ያለ፣ መተግበሪያን በግድ ማስቆሚያ ቁልፍ ነው። በቅን ልብ የተሰጠ ምክር ነው፤ አንድሮይድ ላይ ግን በመልእክት በኩል ውጤቱ ተቃራኒ ነው።

ፎርስ ስቶፕ «እንደገና ጀምር» ማለት ሳይሆን «እስክከፍትህ ድረስ አትነሳ» ማለት ነው። አዲስ መልእክት በጉግል የማሳወቂያ አገልግሎት በኩል ሲመጣ አንድሮይድ የቆመውን መተግበሪያ አይቀሰቅሰውም። ስልኩን አጥፍቶ ማብራትም አያስነሳውም። መልእክቱስ አይጠፋም፣ ስትከፍቱት ተግተልትሎ ይገባል። ጥሪ ግን አይጠብቅም፦ ከጅዳ ወይም ከቤሩት በዋትስአፕ የምትደውል እህት፣ ስልካችሁ እጃችሁ ላይ እያለ ሳይጠራ ትዘጋለች። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ቴሌግራም ግቡ። «ፎርስ ስቶፕ» የሚለው ጽሑፍ ደብዝዞ ሲነኩት ምንም የማይል ከሆነ መተግበሪያው ቆሟል። ስክሪኑን አጥፍታችሁ ሰው መልእክት እንዲልክላችሁ አድርጉ፤ ዝም ይላል።

መፍትሔው፦ መተግበሪያውን አንዴ ክፈቱና በሆም ቁልፍ ውጡ። ከዚያ እዚያው የቴሌግራም ገጽ ላይ «ባተሪ» ውስጥ «አንሪስትሪክትድ» የሚለውን ምረጡ (ስሙ እንደ ስልኩ ይለያያል፣ «ኖ ሪስትሪክሽንስ» የሚልም አለ)። «ኖቲፊኬሽንስ» መብራቱንም እዩ። አንዳንድ ስልኮች ላይ «ኦቶ ስታርት» (መተግበሪያው በራሱ እንዲነሳ የሚፈቅደው) ለብቻው መብራት አለበት። ባትሪው ካሳሰባችሁ ይህን ለሁሉም ሳይሆን ለምትደዋወሉበት መተግበሪያ ብቻ አድርጉት።