ማስተካከያ፦ «ቆሽት እንደገና ኢንሱሊን ማመንጨት ጀመረ» ስለተባለው

«የስኳር ሕመምተኞች ቆሽት አዲስ ሴል አበቀለ፣ መርፌ ቀረ» የሚል ዜና ሰሞኑን ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። መነሻው እውነት አለው። ሲዞር ግን ተጋኗል።

ሲጀመር ቆሽታቸው ምንም አላበቀለም። የአሜሪካው ቨርቴክስ ኩባንያ ከሌላ ሰው የተገኘ ስቴም ሴልን (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል ነው) ላብራቶሪ ውስጥ ወደ ኢንሱሊን አመንጪ ሴል ቀየረው። ሕክምናው ዚሚስሌሴል ይባላል። ወደ ጉበት በሚገባው የደም ሥር ይሰጣል፤ ሴሎቹም ቆሽት ውስጥ ሳይሆን እዚያው ጉበት ውስጥ ሆነው ይሠራሉ።

በ2025 በወጣው ውጤት፣ ሙሉ መጠኑን ከወሰዱት 12 ሰዎች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን አይወጉም ነበር። ቀላል ነገር አይደለም! ግን ሁሉም አይነት 1 ስኳር ያለባቸው፣ ስኳራቸው ሲወርድ እንኳ ቶሎ የማይታወቃቸው ነበሩ። አይነት 2ን አልሞከሩበትም።

ዜናው የዘለለው ደግሞ ዋናውን ነው። ሰውነት ባዕዱን ሴል እንዳያጠቃ፣ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ ግድ ነው። ከተሳታፊዎቹ አንዱ በፈንገስ በመጣ ማጅራት ገትር ሞቷል።

ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን እንዳትጥሉት። አይነት 1 ያለበት ሰው ካቋረጠው በቀናት ውስጥ ለሕይወቱ ያሰጋዋል።