የጋንጅስን ፍሳሽ በእምነት አትሸፍኑት

የሕንዷ የኡታር ፕራዴሽ ግዛት ዋና ሚኒስትር ዮጊ አዲቲያናት ስለ ጋንጅስ ወንዝ ውኃ የተናገሩት አሁንም ያበሳጨኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። የሕንድ ማዕከላዊ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ በፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ ላይ የአካባቢ ጉዳይ ለሚመለከተው ችሎት ሪፖርት አስገባ። በፕራያግራጅ፣ በታላቁ የሂንዱዎች የጥምቀት በዓል በማሃ ኩምብ ምእመናን በሚጠመቁበት ቦታ፣ ከዓይነ ምድር የሚመጣው ባክቴሪያ በተለያዩ ቀናት ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። ዋና ሚኒስትሩ ፌብሩዋሪ 19 ቀን በግዛቱ ምክር ቤት መልስ ሰጡ። ውኃው ለመታጠብ ብቻ ሳይሆን ለመጎንጨትም ይሆናል አሉ። በማሃ ኩምብና በእናት ጋንጋ፣ ማለትም በወንዙ፣ ላይ መሠረተ ቢስ ክስ ማንሳት በ560 ሚሊዮን ሰዎች እምነት መጫወት ነው ሲሉም ጨመሩበት።

560 ሚሊዮን የተባለው እስከዚያ ቀን ተጠምቋል የተባለው ሰው ነው። በዓሉ ሲያልቅ ቁጥሩን ከ660 ሚሊዮን በላይ አድርሰውታል። ግን የሰው ብዛት ውኃን ያጠራል እንዴ? ይህን ያህል ሕዝብ ገባበት ማለት ጥንቃቄው በዚያው ልክ መጨመር ነበረበት ማለት ነው። ሰዎቹ ወንዙን ያምኑታል። ባለሥልጣኑ ደግሞ ያንን እምነት ለራሱ መከላከያ አደረገው። ከዚህ የባሰ በእምነት መጫወት እኔ አላውቅም።

ደግሞ ሁሌም የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። ጋንጅስ ራሱን በራሱ ያጠራል ይባላል። እንግሊዛዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ኧርነስት ሃንኪን በ1896 የጋንጅስ ውኃ የኮሌራን ባክቴሪያ እንደሚገድል ጽፎ ነበር። ዛሬ ያንን የሚያደርጉት ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች እንደሆኑ ይታሰባል። እሺ፣ ይሁን። እነዚህ ቫይረሶች ግን እያንዳንዳቸው የሚያጠቁት የተወሰነ የባክቴሪያ ዓይነት ነው። የከተማ ፍሳሽ አያጣሩም። የቆዳ ፋብሪካ ቆዳ የሚያለፋበትን ክሮሚየምም አይነኩም። ደግሞስ ወንዙ ራሱን የሚያጠራ ከሆነ ለ2019ኙ ኩምብ በወንዙ ዳር ያሉት የካንፑር ከተማ ቆዳ ፋብሪካዎች እንዲዘጉ ለምን ታዘዘ? መንግሥት እውነቱን አሳምሮ ያውቃል። ለበዓሉ ሲሆን ፋብሪካ ያዘጋል፤ ሪፖርት ሲወጣ ደግሞ ወንዙ ምንም አይነካውም ይላል።

ከሁሉ በላይ የማልቀበለው ግን ስለ ብክለቱ የሚናገር ሁሉ የሃይማኖት ጠላት ነው የሚለውን ነው። ስለ ጋንጅስ አብዝተው የጮኹት እኮ የሃይማኖቱ ልጆች ናቸው።

ፕሮፌሰር ጂ. ዲ. አጋርዋልን እንውሰድ። በካንፑር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአካባቢ ምሕንድስና መምህር ነበሩ። ዛሬ ሪፖርቱ የሚብጠለጠለው የብክለት ቁጥጥር ቦርድ ሲቋቋም የመጀመሪያው አባል ጸሐፊ እሳቸው ነበሩ። በ2011 መንነው ስዋሚ ሳናንድ ተባሉ። ወንዙ በሚነሳበት በሂማላያ ተራራ የሚሠሩትን የኃይል ማመንጫ ግድቦች ለማስቆም ደጋግመው ጾመዋል። ሎሃሪናግ ፓላ የተባለው ፕሮጀክት በ2010 የተሰረዘው በዚያ ትግል ነው። በጁን 22 ቀን 2018 እንደገና ጾም ገቡ። 86 ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ያህል ቀርቷቸው ነበር። ጋንጅስን የሚጠብቅ ሕግ ይውጣ፣ አዳዲስ ግድቦች ይቁሙ፣ በሃሪድዋር አሸዋ ማውጣት ይቅር አሉ። ማር የገባበት ውኃ ብቻ እየጠጡ ሳምንታት፣ ወራት አለፉ። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለናሬንድራ ሞዲ ደብዳቤ ጻፉ። ሞዲ በ2014 ለምርጫ ቫራናሲ ሲሄዱ እናት ጋንጋ ጠርታኝ ነው የመጣሁት ያሉ ሰው ናቸው። ሽማግሌው በመጨረሻ ውኃውንም ተዉት። ኦክቶበር 11 በ111ኛው ቀን ሪሺኬሽ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሐዘን መልእክት በዚያው ቀን ትዊተር ላይ ወጣ።

እንግዲህ እኚህን ሰው ምን እንበላቸው? በእምነት የተጫወቱ? ለሃይማኖታቸው ሲሉ በረሃብ የሞቱ መነኩሴ ናቸው። የባክቴሪያውን ቁጥር ማንበብ የሚችሉ ኢንጂነርም ናቸው። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ነበሩ፣ አልተጣሉም።

ብቸኛው ደግሞ አይደሉም። በቫራናሲ የሳንካት ሞቻን ቤተ መቅደስ አለቃ የነበሩት ቪር ባድራ ሚሽራ በቫራናሲው የሂንዱ ዩኒቨርሲቲ የሃይድሮሊክስ ፕሮፌሰርም ነበሩ። ጠዋት በቱልሲ ጋት፣ ወደ ወንዙ በሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ፣ ወርደው ወንዙ ውስጥ ይጠመቃሉ። በ1982 ያቋቋሙት ድርጅት ደግሞ እዚያው ጋት ላይ ላቦራቶሪ አለው። እሳቸው የሚጠመቁበትን ውኃ ቀድቶ ባክቴሪያውን ይቆጥራል። ቁጥሩ አስደንጋጭ መሆኑን እያወቁ መጠመቃቸውን አልተዉም፤ መናገራቸውንም አልተዉም። በ2013 እስኪሞቱ ድረስ እንዲህ ኖሩ።

ጥንታዊው ትምህርትም ቢሆን ከእነሱ ጋር ነው። የማኑ ሕግ የተባለው ጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ ምዕራፍ 4 ሽንት፣ ዓይነ ምድርም ሆነ ምራቅ ውኃ ውስጥ አይጣል ይላል። በዚህ መጽሐፍ የምቃወመው ብዙ ነገር አለ፣ በተለይ ስለ ዘር መደብ የሚለውን። ይህን ትእዛዝ ግን ዘመናዊ የፍሳሽ መሐንዲስም ይፈርምበታል። ታዲያ ወጉን የጣሰው ማነው? ውኃውን የለካው ባለሙያ ነው ወይስ የከተማውን ፍሳሽ ሳያጣራ ወንዙ ላይ የሚለቀው ማዘጋጃ ቤት?

መንግሥት ምንም አልሠራም አልልም። ለበዓሉ ወደ 150,000 መጸዳጃ ቤት ማዘጋጀቱን ተናግሯል፤ ቀላል ሥራ አይደለም። ያው ቦርድም በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሌላ ሪፖርት አስገብቶ፣ በስታቲስቲክስ ሲሰላ ውኃው ለመታጠብ ይሆን ነበር ብሏል። ይህ ግን አያሳምነኝም። ስሌቱ የብዙ ቀንና የብዙ ቦታ ውጤት ተሰብስቦ መሃል ላይ ያለውን ቁጥር የሚወስድ ነው። ከቢሃር ገጠር ሌሊቱን በባቡር ተጉዛ የመጣች እናት ግን በመሃለኛ ቁጥር ውስጥ አትጠመቅም። የምትጠመቀው በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ ባለው ውኃ ውስጥ ነው። ቀኝ መዳፏን አጉድጉዳ ትቀዳለች፣ ትጎነጫለች። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ ቤቷ ትወስዳለች። ከዓመታት በኋላ በቤተሰቡ ውስጥ ሰው ሲያጣጥር ከዚያው ውኃ አፉ ላይ ጠብ ይደረግለታል። ለዚህች ሴት ነው «ጠጪው፣ ይሆናል» የተባለው።

የእኛም ሰዎች የኩምብን ቪዲዮ እያጋሩ ሲሳለቁ አያለሁ። ከእነሱ ጋር አይደለሁም። ጠበል እየጠጣንና እየተጠመቅን ያደግን ሕዝብ በሌላው የተቀደሰ ውኃ መሳቅ አያምርብንም። ይልቅ እምነት ለባለሥልጣን ስንፍና ሽፋን ሲሆን አብረን ልንቆጣ ይገባል።

በጋንጅስ ላይ ቀጣዩ የኩምብ ጥምቀት በ2027 ሃሪድዋር ላይ ነው። ዋና ሚኒስትሮች ውኃውን ከመመስከር ይቆጠቡ። የየዕለቱ የምርመራ ውጤት በየጋቱ መግቢያ ላይ፣ በሂንዲ፣ በትልቁ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉት በድምፅ ማጉያ ይነገር። ምእመኑ ሰምቶ ራሱ ይወስን። አጋርዋል 111 ቀን የጾሙለት የጋንጅስ ሕግም ረቂቅ ሆኖ አይቅር፣ ፓርላማ ይቅረብ።